ቀለል ያለ የቺያና የፍራፍሬ ፑዲንግ፦ ለፍስክም ለጾምም

ቺያ ሲድ የሚባለው ደቃቅ ፍሬ ወተት ውስጥ ተነክሮ ሲያድር ፑዲንግ፣ ማለትም በማንኪያ የሚበላ ወፍራም ነገር፣ ይሆናል። እሳት አይፈልግም፣ ዱቄት አይፈልግም፣ እንቁላልም አይፈልግም። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ሞክሮ ይተወዋል። የሚሰማው ቅሬታ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ጓጎለብኝ፣ ውሃ ሆኖ ቀረ፣ ምንም ጣዕም የለውም። ሦስቱንም ማስቀረት ይቻላል። ቺያውና ፈሳሹ ተመጣጥነው ይለኩ፣ ከተቀላቀሉ ከ10 ደቂቃ በኋላ ሁለተኛ ይማሰሉ፣ ጣፋጭነቱ ደግሞ በደንብ ከበሰለ ፍሬ ይምጣ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ የእነዚህ ሦስት ነገሮች ዝርዝር ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ "ቀለል ያለ" አንድ ነገር ልበል። ቺያ ራሱ ቀላል ምግብ አይደለም። 28 ግራም ደረቅ ቺያ ወደ 138 ካሎሪ፣ 10 ግራም ገደማ ፋይበር፣ 5 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲንና 9 ግራም የሚጠጋ ቅባት አለው። ቅባቱ ጥሩ ቅባት ነው፤ አብዛኛው ኦሜጋ 3 ነው። ይህ የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ግን ከዓሣ ከሚገኘው ይለያል፤ ሰውነታችን ወደዚያኛው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ቺያ "ያከሳል" ተብሎ በሾርባ ማንኪያ እየተዛቀ ሲበላ ማየት ያሳስበኛል። ፑዲንጉን ቀላል የሚያደርገው ለአንድ ሰው 15 ግራም ገደማ ቺያ ብቻ መጠቀምና ከላዩ ያለውን ስኳር ማስቀረት ነው። በዚህ መጠን ከቺያው ብቻ ወደ 5 ግራም ፋይበር ታገኛላችሁ። ለአንድ ቁርስ ይህ መልካም ነው። በየቀኑ እንጀራ፣ ምስርና ሽሮ የሚበላ ሰው ፋይበር አጥቶ ስለማያውቅ፣ ቺያን ከዚያ የሚበልጥ መድኃኒት አድርጎ ማየት አያስፈልገውም።

ቺያው ውሃ ሲነካው ምን ይሆናል?

የቺያ ፍሬ ቆዳው ላይ ፈሳሽ ሲያገኝ የሚያብጥ ዝልግልግ ነገር አለው። አንዷ ፍሬ የክብደቷን 10 እጥፍ ያህል ውሃ መያዝ ትችላለች። ተልባ ዘፍዝፎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ የተልባ ዝልግልግ ወደ ውሃው እየለቀቀ መላውን ፈሳሽ ሲያለሰልሰው፣ የቺያው ግን እያንዳንዷን ፍሬ ከብቦ መቀመጡ ነው። ለዚህ ነው ቺያ በማንኪያ የሚዛቅ ሆኖ የሚቆመው። በዚሁ ምክንያት በቺያ ፈንታ ያልተፈጨ ተልባ ብታደርጉ ይህ ፑዲንግ አይወጣም፤ የሚሳብና የሚንጠባጠብ ነገር ይሆናል።

የቺያ የትውልድ አገር ሜክሲኮና ጓቲማላ ነው። አዝቴኮች ከበቆሎና ከባቄላ ጋር ዋና ምግባቸው ነበር፤ ዛሬም ሜክሲኮ ውስጥ በሎሚ ውሃ ተዘፍዝፎ ይጠጣል። ከእኛው በሶብላ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ዝምድናው ገበያ ላይ ያሳስታል፤ የበሶብላ ፍሬም ውሃ ሲነካው ያብጣልና አንዱ በሌላው ስም ሊሸጥ ይችላል። መለየት አይከብድም። የበሶብላ ፍሬ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ጥቁር ነው። ቺያ ግን ግራጫ፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ሲሆን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ፍሬው ላይ ዥንጉርጉር መስመር አለው። ቡናማ ፍሬ የበዛበት ከሆነ ሳይደርስ የታጨደ ነውና ተዉት።

በታሸገ ላስቲክ ካልሆነና በኪሎ ተመዝኖ ከተገዛ ቺያ ውስጥ አሸዋና ገለባ አይጠፋም። ማጠብ ደግሞ አይቻልም፤ ውሃ እንደነካው መያያዝ ይጀምራል። ስለዚህ መጀመሪያ በጠባብ ወንፊት ንፉት፤ አቧራው ይወርዳል። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ በትናችሁ ልቀሙት። ይህን ለመላው ዕቃ አንድ ጊዜ ከሠራችሁት በኋላ በደንብ በሚገጠም የመስታወት ዕቃ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ከመጠቀማችሁ በፊት አሽትቱት። ደኅና ቺያ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ቅባቱ ተበላሽቷል።

የሚያስፈልገው

ለ2 ሰው፦

ቺያ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ ልክክ ተደርጎ (30 ግራም ገደማ)
ወተት፣ 240 ሚሊ ሊትር
በደንብ የበሰለ ፍሬ ተከትፎ፣ ከ1 እስከ 1 ተኩል ብርጭቆ
ጨው፣ በሁለት ጣት ቆንጠጥ
ኮረሪማ፣ ቀረፋ ወይም ቫኒላ፣ ከሦስቱ አንዱ፣ በጣም ጥቂት
ማር ወይም ቴምር፣ ፍሬው ካልጣፈጠ ብቻ

ብርጭቆ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ በሲኒ መስፈር ይሻላል። ልኬቱ 1 ሲኒ ቺያ ለ5 ሲኒ ፈሳሽ ነው። ሲኒው ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሁለቱንም በዚያው በአንዱ እስከሰፈራችሁ ድረስ ልኩ አይዛባም። ጠንከር ያለ የሚወድ 1 ለ4 ያድርግ። 1 ለ6 ካለፈ ግን የሚጠጣ እንጂ በማንኪያ የሚበላ አይሆንም። ለ2 ሰው ግማሽ ሲኒ ቺያ በቂ ነው።

ወተቱ ከጎረቤት ወይም ከላም አርቢ የመጣ ጥሬ ወተት ከሆነ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ይህ ፑዲንግ እሳት ስለማይነካው የወተቱ ንጽሕና ቀድሞ ማለቅ አለበት። ወፈር ያለና ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ጣዕም የሚወድ ከወተቱ ሲሶውን በእርጎ ይተካ፤ ያን ጊዜ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወይም ወተት ይጨምርበት፤ እርጎው ራሱ ወፍራም ነውና።

አሠራሩ

1. ወተቱን ክዳን ባለው የመስታወት ዕቃ ወይም ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ቅዱ። ከፍሪጅ የወጣ በረዶ የሆነ ወተት ቺያውን ቶሎ አያሳብጠውም፤ ለግማሽ ሰዓት ውጭ ማቆየት ወይም ለብ ማድረግ ይረዳል። ትኩስ ግን አይሁን። ጨዉንና ቅመሙን በዚሁ ጊዜ ጨምሩ። ጨዉ ጥቂት መሆኑ አያሳስባችሁ፤ ያለ እሱ ወተቱና ቺያው ለምላስ ባዶ ይሆናሉ፤ "ጣዕም የለውም" የሚባለው ፑዲንግ ብዙ ጊዜ የጎደለው ይኸው ነው።

2. ቺያውን በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው በሹካ አማስሉ። ወተቱን በቺያው ላይ መድፋት ሳይሆን ቺያውን በወተቱ ላይ መበተን ነው። በአንድ ጊዜ ከተደፋ ከታች ይከመራል፤ የክምሩ ውጭኛው ክፍል ያብጥና እንደ መጋረጃ ሆኖ የውስጡን ደረቅ ያስቀረዋል። ሁሉም ከገባ በኋላ አንድ ደቂቃ ሙሉ አማስሉ።

3. 10 ደቂቃ ጠብቁና እንደገና አማስሉ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ከሁሉም እርምጃዎች ግን የሚበልጠው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ፍሬዎቹ ገና ከባድ ስለሆኑ ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ እዚያም እርስ በርስ መጣበቅ ይጀምራሉ። በ10ኛው ደቂቃ ዝልግልጉ ወጥቷል፣ ግን ገና አልጠነከረም። ሹካውን እስከ ታች አስገብታችሁ፣ ከዳርና ከጥጉ ፋቅ ፋቅ እያደረጋችሁ የተያያዘውን ለያዩ። ከዚያ በኋላ ፍሬዎቹ በወፈረው ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ይቀራሉ፤ ተመልሰው አይሰምጡም። ጊዜ ካላችሁ በ30ኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ማማሰሉ ይበልጥ ያለሰልሰዋል።

4. ከድኑና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በ2 ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ ሲያድር ግን የቺያ ፍሬው እምብርት ሳይቀር ይለሰልሳል። ፍሪጅ ለመጽናቱ ግዴታ አይደለም፤ ቺያው ውጭም ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል። ፍሪጁ የሚያስፈልገው ወተቱ እንዳይበላሽ ነው። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ያላችሁ ሌሊቱን በሙሉ ከማሳደር ማታ ሠርታችሁ ማታውኑ ብሉት።

5. ከመቅረቡ በፊት አማስሉና ውፍረቱን እዩ። ማንኪያ ላይ ተነስቶ ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። ወፍሮ ከተያያዘ በ1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት አላሉት። አሁን ቅመሱት፤ ማር ለመጨመር የምትወስኑት ግን ከፍሬው ጋር አብራችሁ ከቀመሳችሁት በኋላ ነው።

6. ፍሬውን ከላይ ወይም በመሃል በመሃሉ አድርጋችሁ አቅርቡ።

የቺያ ፍሬውን ስሜት የማይወዱ አሉ፤ በተለይ ልጆች ጥርስ ውስጥ መግባቱን ይጠሉታል። ለእነሱ የደረሰውን ፑዲንግ ከነፍሬው በብሌንደር መትቶ መስጠት ይቻላል። ወይም ደረቁን ቺያ በመጀመሪያ መፍጨት ነው። የተፈጨ ቺያ ቶሎና ይበልጥ ይወፍራል፤ በ3 የሾርባ ማንኪያ ፈንታ 2 ተኩል ይበቃል። የቡና መፍጫ የምትጠቀሙ ከሆነ የቡናው ሽታ እንዳይዘው በደንብ ይጠረግ።

ፍሬው

ለዚህ ፑዲንግ ስኳር የሚሆነው የፍሬው መብሰል ነው። ጎምዛዛ ማንጎ ከገዛችሁ በማር ልታክሙት ትሞክራላችሁ፤ ማሩ ሲበዛ ደግሞ የጀመርነው ነገር ይፈርሳል። ስለዚህ ፍሬው ካልደረሰ ፑዲንጉን ነገ ሥሩት። ጥሬ ማንጎን ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፤ ብርዱ መብሰሉን ያቆመዋል። በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ማስቀመጥ ያፈጥነዋል። ግንዱ ጋ ስታሸቱት ከሸተተና ሲነካ ትንሽ እሺ ካለ ደርሷል፤ ቀለሙን ግን አትመኑ፤ አረንጓዴ እንደሆነ የሚበስል ማንጎ አለ።

ማንጎ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ይመስለኛል። ከአርባ ምንጭም ይምጣ ከአሶሳ፣ ሲደርስ ግማሹን ፈጭቶ ግማሹን በደቃቁ ከትፎ መጠቀም ነው። የተፈጨው ወደ ፑዲንጉ እየሰረገ ያጣፍጠዋል፤ የተከተፈው የሚታኘክ ይሰጠዋል። ጥቂት የተፈጨ ኮረሪማና የሎሚ ጠብታ ይበቃዋል።

ሙዝ ሌላው ጥሩ ማጣፈጫ ነው። ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣውን ምረጡ። በሹካ ጨፍልቆ ከወተቱ ጋር ቺያው ከመግባቱ በፊት ማዋሃድ ይቻላል፤ ሲያድር ግን ቀለሙ ይጠቁራል። ጣዕሙ ላይ ችግር የለውም። ቀለሙ ለሚያሳስበው ሙዙን ጠዋት ከላይ ይክተፍ። ከሙዝ ጋር ቀረፋና የተቆላ ኦቾሎኒ ይስማማል።

ፓፓያና አናናስ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሁለቱም ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም አላቸው፤ የፓፓያው ፓፓይን፣ የአናናሱ ብሮሜሌይን ይባላል። ኪዊም ተመሳሳይ አለው። ጥሬውን ፍሬ ከወተት ወይም ከእርጎ ጋር አዋህዶ ማሳደር ወተቱን መራራ ያደርገዋል። ቺያው አይጎዳም፤ መወፈሩ ከፕሮቲን ስላልሆነ ያው ይወፍራል፤ የሚበላሸው ጣዕሙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሊበላ ሲል ብቻ ከላይ ይደረግ። ወይም አናናሱን በመጥበሻ ለጥቂት ደቂቃ ማፍላት፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ ጣፋጭነቱም ይጎላል። ፓፓያ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር በጣም ጥሩ ነው።

እንጆሪ ሲገኝ ጥቂቱን በሹካ ጨፍልቆ፣ ሎሚ ጨምቆበት፣ ጭማቂውን እስኪያወጣ 15 ደቂቃ ማቆየት ብቻ ይበቃል። ዘይቱን ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ተፈጭቶ በወንፊት ይጠለል። ፓሽን ፍሩት ጎምዛዛ ነውና ከማንጎ ጋር ብቻ አድርጉት፤ ለብቻው ማር ያስጨምራችኋል። ጊሽጣ ተፈልፍሎ ሲገባ እንደ ክሬም ይሆናል፤ ፍሬዎቹ ግን በሙሉ ይውጡ። የጊሽጣ ፍሬ መርዛማነት ስላለው በምንም መንገድ ብሌንደር ውስጥ እንዳይገባ። ብርቱካንና ሎሚ ደግሞ በወተቱ ላይ በቀጥታ ከተጨመቁ ወተቱን ይቆርጡታል፤ በፍሬው ላይ ጭመቁ።

አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ክረምቱን በሙሉ በረዶ የሆነ የተከተፈ ማንጎ ታገኛላችሁ። ለዚህ ሥራ ከማይጣፍጠው ትኩስ ማንጎ የተሻለ ነው። ማታ ከፑዲንጉ ጋር ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ሲቀልጥ የሚወጣውን ጭማቂ ሳትደፉ አብራችሁ አፍስሱበት።

እንደ ስፕሪስ የተደረደረ

የአዲስ አበባ ጁስ ቤት ስፕሪስ በረጅም ብርጭቆ ተደርድሮ ሲቀርብ ከመጠጣቱ በፊት መታየቱ ደስ ይላል። ያንኑ በቺያ መሥራት ይቻላል፤ እንግዳ ሲመጣ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ጁስ ቤት የሚጨመረው ስኳር እዚህ አያስፈልግም።

አንድ የደረሰ አቮካዶ ከግማሽ ሎሚ ጭማቂና ከ3 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር ፍጩ። ሎሚው ለጣዕምም ለቀለምም ነው፤ ያለ እሱ አቮካዶው ይጠቁራል። ማንጎውን ለብቻው ፍጩ፤ ውሃ አትጨምሩበት። ብርጭቆው ሥር አቮካዶውን ሁለት ጣት ያህል አድርጉና ብርጭቆውን መታ መታ አድርጋችሁ ደልድሉት። ከላዩ የደረሰውን የቺያ ፑዲንግ በማንኪያ ጀርባ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉ፤ ከከፍታ ከተጣለ ደረጃው ይደበላለቃል። ማንጎው ከሁሉ በላይ ይሁን። በመሃል ያለው ቺያ ወፈር ያለ መሆን ስላለበት ለዚህኛው 1 ለ4 ተጠቀሙ። አቮካዶ ራሱ ቅባታማ ነውና የአንድ ሰው ብርጭቆ ትንሽ ይሁን፤ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል።

ለጾም፦ በሱፍ ወተት

በጾም ሰዓት ከሱቅ የሚገዛው የአኩሪ አተር፣ የአጃ ወይም የኮኮናት ወተት ሁሉ ይሠራል። ሲገዛ ስኳር ያልተጨመረበት ይሁን። የጣሳ ኮኮናት ወተት በጣም ወፍራምና ቅባታም ስለሆነ 1 እጅ ኮኮናት ለ2 እጅ ውሃ አድርጋችሁ አቅጥኑት። እኔ ግን ቤታችን ያለውን ሱፍ እመርጣለሁ። ለፍትፍት ስንሠራው የኖርነው ነጭ የሱፍ ውሃ ከየትኛውም የታሸገ ወተት በርካሽ ይወጣል፣ ጣዕሙም የራሱ ነው።

1 ብርጭቆ ሱፍ ልቀሙና እጠቡ። በሚሸፍነው ውሃ ጥዳችሁ 10 ደቂቃ ያህል ከፈላ በኋላ ውሃውን ድፉት። ሱፉን ከ2 ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጋር በብሌንደር ፍጩና ወንፊት ላይ ባነጠፋችሁት ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። የቀረውን ገለባ በ2 ብርጭቆ ውሃ ድጋሚ ፈጭታችሁ አጥልሉ፤ ሁለተኛው ውሃ የመጀመሪያውን ያህል ባይነጣም ብዙ ይዞ ይወጣል። ሁለቱን ቀላቅሉ። ጨርቁን በጣም አጥብቃችሁ አትጭመቁ፤ ገለባው አብሮ ሲያልፍ ጉሮሮ ይከረክራል።

የሱፍ ወተት ሲቆይ ከታች ይዘቅጣል፤ በዚህ ምክንያት ከላም ወተት ይልቅ ለብ ብሎ ሳለና ወዲያው እንደተማሰለ ቺያ ቢገባበት ይሻላል። ቺያው ሲወፍር ዝቃጩን በመሃሉ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ አይለይም። ቀጠን ያለ ስለሆነ ለ240 ሚሊ ሊትር 3 ተኩል የሾርባ ማንኪያ ቺያ አድርጉ። ትንሽ መረር ይላል፤ ለዚህ 3 ወይም 4 ቴምር ፍሬውን አውጥታችሁ፣ በሙቅ ውሃ አለስልሳችሁ ከወተቱ ጋር ፍጩ። ከላዩ ሙዝና ማንጎ ሲሆን ቴምሩን ማስቀነስ ይቻላል። ወተት የማይስማማውም ሰው ዓመቱን ሙሉ በዚህ ሊጠቀም ይችላል። የሱፍ ወተት ቶሎ ይበላሻልና ከ2 ቀን በላይ አታቆዩት።

ጥንቃቄ

ደረቅ ቺያ በማንኪያ አፍ ውስጥ ጨምሮ በውሃ ማውረድ አደገኛ ነው። ጉሮሮ ውስጥ አብጦ መተላለፊያውን ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ እንደተዘገበው፣ እንዲህ ያደረገ፣ ቀድሞም የመዋጥ ችግር የነበረበት ሰው ጉሮሮው ተዘግቶ ሐኪሞች በመሣሪያ ከፍተውለታል። በፑዲንግ መልክ ግን ቺያው አስቀድሞ ስላበጠ ይህ ስጋት በጣም ያነሰ ነው። ለሕፃን ወይም ለመዋጥ ለሚቸገር አረጋዊ ስትሰጡ ሌሊቱን ያደረውን ስጡ፤ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይጨመርበት።

ፋይበር ያልለመደ ሆድ በመጀመሪያው ቀን ሊነፋ ይችላል። ለእናት ለአባታችሁ ስትሠሩ በ1 የሾርባ ማንኪያ ጀምሩ፤ በቀኑም ውስጥ በቂ ውሃ ይጠጡ። ስኳር ያለበት ሰው ሊበላው ይችላል፤ የሚጠነቀቀው ከቺያው ሳይሆን ከላዩ ከሚሆነው ነገር ነው። ማሩንና ቴምሩን ይተው፣ በጣም ከበሰለ ሙዝ ይልቅ እንጆሪ ወይም ፓፓያ ይምረጥ፣ ፍሬውም ከግማሽ ብርጭቆ አይለፍ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቺያን የዘወትር ምግቡ ከማድረጉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሳይሆን ሲቀር

ውሃ ሆኖ ካደረ 1 የሻይ ማንኪያ ቺያ በትናችሁበት አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ሁለተኛም ካልወፈረ ቺያው አርጅቷል ወይም ቺያ አይደለም፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ጨምራችሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ዙሪያውን ነጭ ዝልግልግ ካላያችሁ ወደ ሱቁ መልሱት። የጓጎለውን በሹካ ሳህኑ ዳር ላይ ጨፍልቁት፤ ካልሆነ ብሌንደር ውስጥ ከማንጎ ጋር መትታችሁ እንደ ጁስ ጠጡት።

ፍሬ ያልተጨመረበት የላም ወተት ፑዲንግ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ፍሪጅ 3 ቀን ይቆያል። ስለዚህ እሑድ ማታ ለሦስት ቀን የሚሆነውን አንድ ላይ ሠርቶ፣ ፍሬውን በየጠዋቱ መክተፍ የተሻለ ነው። ፍሬ ከገባበት በኋላ በማግስቱ ይለቅ። ለልጆች በምሳ ዕቃ የምትልኩ ከሆነ በደንብ ከቀዘቀዘው ስጡና በመጀመሪያው እረፍት እንዲበሉት ንገሯቸው፤ ከፍሪጅ ከወጣ 2 ሰዓት ካለፈው አይበላ።

ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ከተረፋችሁ አትጣሉት። 1 ብርጭቆ የተጨፈለቀ እንጆሪ ወይም ማንጎ በትንሽ እሳት 5 ደቂቃ አፍሉ፣ አውርዱና 1 የሾርባ ማንኪያ ቺያ ጨምራችሁ አማስሉ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላም እንደገና። ሲቀዘቅዝ ያለ ስኳር የቆመ ማርማላታ ይሆናል፤ ለዳቦም ለፑዲንጉ ላይም ይሆናል፣ ፍሪጅ ውስጥም ለጥቂት ቀናት ይቆያል።